የሕንዱ ፊልም ያሸነፈበት ቅዳሜ

«አልሞተም እኮ ነው የምልህ! መጨረሻ ላይ እጁ ሲነቃነቅ አላየህም?»

«እጁን ያነቃነቀው ነፋስ ነው። ሰውዬውማ ሞቷል።»

«ነፋስ እጅ ያነቃንቃል እንዴ? አንተ ከኋላ ተቀምጠህ የሰው ጭንቅላት ስታይ ነው የዋልከው!»

ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጆች ጂንካ መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ተቀምጠናል። ፊልም የመጣ ሰሞን ኳሱ ይረሳል። ላሞቹ በመካከላችን እየገቡ ሣሩን ይግጣሉ፤ እኛ ደግሞ በሕንዱ ፊልም ታናሽ ወንድም ሞትና ሕይወት እንጣላለን። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚናገሩትን አንድም ቃል የሰማ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ለዚህ ነው መሰለኝ ሁላችንም እርግጠኞች የነበርነው።

ፊልም የሚያመጣልን ጋሽ ከበደ የሚባል፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነበር። መንገዱ ሲደርቅ፣ በዓመት አንዴ፣ ከአርባ ምንጭ በኩል በአሮጌ መኪና ይመጣና ሦስት ቀን ይቆያል። የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በኬሻ ይሸፈናሉ፤ ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ይወጠራል፤ ውጭ ዛፉ ሥር ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ቀኑ እኩለ ቀን ነው፣ ውስጡ ግን ጨለማ ነው። የኬሻው የቡና ሽታ፣ የቤንዚኑ ሽታና ከገጠር የመጡት ሰዎች የተቀቡት ቅቤ ሽታ ተቀላቅሎ አንድ ነገር ይሆናል። ለእኔ የሲኒማ ሽታ ማለት እስከ ዛሬ ያ ነው።

ጋሽ ከበደ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር የማላውቀው አንድ ልማድ ነበረው። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ፊልም ራሱ አይመርጥም። «ያገሬ ልጆች፣ ቤንዚኔ ለአንድ ፊልም ብቻ ነው የቀረው። የትኛውን ልድገምላችሁ?» ይላል። ከዚያ ለየፊልሙ አንድ ተናጋሪ ይወጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ ያ ፊልም ለምን እንደሚበልጥ ያስረዳል። ጭብጨባ የበዛለት ያሸንፋል። ሽማግሌውም ልጁም እኩል ያጨበጭባል። «ጭብጨባ ዕድሜ አይጠይቅም» ይል ነበር ጋሽ ከበደ፣ እኛን ልጆቹን እያየ።

በዚያ ዓመት የተፎካከሩት ሁለት ፊልሞች ነበሩ። አንዱ ያ የሕንዱ ነው፤ ቀለም የሞላበት፣ ዘፈን የሞላበት፣ ጠብ የሞላበት። ሌላው ስለ ሙዚቃ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ታሪክ የሌለው ፊልም ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በየአገሩ እየዞሩ ከበሮውንም ክራሩንም ቀርጸውታል፤ የማይታይ ሰው ደግሞ በሬዲዮ ድምፅ ያብራራል። መሃሉ ላይ ሲደርስ ከጂንካ በላይ ካለው ተራራ፣ ከአንድ የአሪ መንደር፣ ሰባት ሰዎች ክብ ሠርተው ብቅ ይላሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሸምበቆ ይዘዋል። አንዱ ሸምበቆ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንዱ ይነፋና ዝም ይላል፣ ቀጣዩ ይነፋና ዝም ይላል፤ ዘፈኑ በሰባቱ አፍ ላይ እየሮጠ ይዞራል። ብቻውን የቆመ ሰው ዘፈን የለውም።

ሦስተኛው ነፊ የማርቆስ አባት ነበር።

ማርቆስ አምስተኛ ክፍል አብሮኝ የሚቀመጥ የአሪ ልጅ ነው። ለትምህርት ብሎ ከተማ አጎቱ ቤት ይኖራል። አባቱ ከሦስት ዓመት በፊት ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ምንም። ፊልሙ የተቀረጸው እሱ ከመሄዱ በፊት ነበር፤ እንደሚታይ ግን መንደሩ ውስጥ ማንም አያውቅም። ሐሙስ ዕለት አባቱ አቡጀዲው ላይ ብቅ ሲል ማርቆስ ክንዴን ይዞ ጥፍሩን አስገባብኝ። ያ የፊልሙ ክፍል እስኪያልቅ ድረስ ክንዴን አልለቀቀም።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ልጆቹ ስለ ሕንዱ ሲጨቃጨቁ ወደ ዳር ወሰደኝ። መንደሩ ውስጥ ዛሬም በለቅሶና በሠርግ ሸምበቆ እንደሚነፋ ነገረኝ። የአባቱን ሸምበቆ ግን ለማንም አልሰጡም። ለሌላ ሰው መስጠት ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ተራው ሲደርስ ስድስቱ ዝም ይላሉ፣ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘፈናቸው እያነከሰ ነው።

«እናቴ አላየችውም» አለኝ። «አሁን ሄጄ ነገ ይዣት እመጣለሁ። አንተ አፍ አለህ። ነገ ለእኛ ፊልም ተናገርልን።»

«እሺ።»

«እሙት በል።»

«እሙት።»

በዚያው በእግሩ ወደ ተራራው ወጣ።

እውነት ነው፣ አፍ ነበረኝ። አባቴ ከጎፋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እንቆቅልሹንም፣ ስድቡንም፣ የቀበሌውን ስብሰባ ንግግር ጭምር እለቅም ነበር። እናቴ «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» ስትለኝ የምታመሰግነኝ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ማርቆስ እናቱን ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ በቀይ አቧራ ተለውሷል። ከገበያ ሰላምታ ያለፈ አማርኛ አትችልም። ማርቆስ በጣቱ ሲያመለክተኝ ወደ እኔ መጥታ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ እጄ ላይ አስቀመጠች። «አንተ ጎበዝ» አለችኝ። «አንተ ጎበዝ።» ቆጮው ሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዞም ትንሽ ሙቀት ቀርቶት ነበር።

ወዲያው ታምራት ጠራኝ። ታምራት ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ኳሱም የሱ ነው፣ ሜዳውም የሱ ይመስላል። ትልልቆቹ ልጆች ከኋላው ቆመዋል።

«ለሕንዱ ማን ሊናገር ነው? አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ... ለማርቆስ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለሸምበቆ ነፊዎቹ?» ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እናንተ! ይሄ ልጅ እኮ አፉን ጡሩምባ ሊያደርገው ነው!»

ሳቁብኝ። የሳቁት ግፋ ቢል አምስት ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ግን ጂንካ በሙሉ የሳቀብኝ መሰለኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የሕንዱ ፊልም ይበልጥብኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ማርቆስ ሄጄ «እኔ የማምንበትን ነው የምናገረው» አልኩት። ይህን አነጋገር የለቀምኩት ከቀበሌው ስብሰባ ነው። ማርቆስ ፊቴን ትንሽ አየና «እሺ» አለ።

እሱ ራሱ ወጣ። አግዳሚው ላይ ቆመ። አማርኛ ትምህርት ቤት የተማረው ቋንቋው ነው፤ ሲጨነቅ ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚመጣለት። «ዘፈኑ እዚያ ውስጥ ሙሉ ነው» አለ። «በእኛ አገር አሁን ሙሉ አይደለም። እዚያ ብቻ ነው ሙሉ።» ወረደ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ የነበሩ የአሪ ሽማግሌዎች አጨበጨቡ፤ ሌላው ለይሉኝታ ያህል እጁን ነካ ነካ አደረገ።

ከዚያ እኔ ወጣሁ።

«ጓዶች!» ስል ገና አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር ድምፅ ነበር ያወጣሁት። «ሰባት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አንድ ዘፈን ተካፈለ። ለአንዱ ቢደርሰው አንዲት ጡ! ለቀጣዩም አንዲት ጡ! የኛ ቤት ዶሮ እንኳ እንቁላል ስትጥል ብቻዋን ከዚህ የተሻለ ትዘፍናለች!» ጋሽ ከበደ ዓይኑ እስኪጠፋ ሳቀ። «ሕንዱን እዩት። ብቻውን ይዘፍናል፣ ብቻውን ሃያ ሰው ይደበድባል፣ ብቻውን ያለቅሳል፤ ሸሚዙ እንኳ ከሱሪው አይወጣም!» ታምራት በሁለት ጣቱ አፏጨ። አንዲት ትልቅ ሴት «ይሄን ልጅ ማነው የወለደው!» ስትል ሰማሁ።

ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። እኔም ከፍ ብዬ ቆሜ ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ማርቆስ አንገቱን ደፍቷል። አጠገቡ እናቱ ግራና ቀኝ ታያለች። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ጎበዝ ያለችው፣ ይናገርልናል የተባለላት ልጅ አግዳሚው ላይ ቆሟል። ባሏ አቡጀዲው ላይ ሊወጣ ነው መስሏታል። ፈገግ አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ እጇን ከፍ አድርጋ፣ አጨበጨበችልኝ።

አየኋት። እጅም ነሳሁ።

አሁን ከገበያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ተከፍቷል። ጥይቱም ካራቴውም ሞልቷል። ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ሱሪውን አራግፎ ይወጣል። በሩ ላይ ቆሞ «የለም፣ አልሞተም!» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ፊልሙ ሲያልቅ አጠገቤ ላለው ሰው «እንዴት አየኸው?» እላለሁ። «ጥሩ ነው» ይለኛል፤ አለቀ። ያ አግዳሚ፣ ያ ሁሉ ሰው ስለ አንድ ፊልም አፉን ሞልቶ የሚናገርበት ቅዳሜ፣ ይናፍቀኛል። ስናፍቀው ደግሞ አፍራለሁ፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ከእኔ የበለጠ የተጨበጨበለት አልነበረምና።

ከሕንዱ ፊልም ዛሬ በትዝታዬ የቀረኝ አንድ ቀይ ሻርፕ ብቻ ነው። ሸምበቆዎቹ ግን ማታ ደብተሬን ዘርግቼ ግጥም ስሞክር ይመጡብኛል። ማንም ግጥም አላስተማረኝም፤ አንዱ ስንኝ መቼ ዝም ብሎ ሌላውን ማስቀደም እንዳለበት ግን ከነሱ የተማርኩ ይመስለኛል። ዛሬ አስተያየቴን ብትጠይቁኝ፣ በሕይወቴ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ዋጋ የሌለው አስተያየት ነው፤ በሰዓቱ አልደረሰም። በዓመቱ ጋሽ ከበደ ሲመጣ ያን ፊልም ስጠኝ ብዬ ለምኜው ነበር። «ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደ፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጂንካ ውስጥ አልታየም። የማርቆስ አባትም አልተመለሰም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፊልሙ በጥቅል በጥቅል የተቆራረጠ ነበር። የመሃሉን ጥቅል ብቻ ለአሥር ደቂቃ ማሳየትና ወደ ሕንዱ መሄድ ይቻል ነበር። ቤንዚኑም አያልቅም። ማንም አልጠየቀም። እኔም ለማሸነፍ እንጂ ለመለመን አንድ ቃል አልነበረኝም።

ያን ቀን ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ አቡጀዲው በቀለም ተሞላ። ታምራት ከትልልቆቹ ጋር መሃል ላይ አስቀመጠኝ፤ ከማርቆስ ሁለት ረድፍ ወደፊት ነበርኩ። ፊልሙን ትቼ አንዴ ዞር ብዬ አየሁ። እናቱ ወደፊት አዘንብላ፣ አፏን በመዳፏ ይዛ፣ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ታያለች። ዘፋኙን፣ ጋሪ የሚነዳውን፣ ውሃ የምትቀዳዋን። ማርቆስ መንገድ ላይ «መሃል ላይ ነው የሚመጣው» ብሏት ነበር። መሃሉን ትጠብቃለች። እሱም ሊነግራት አልቻለም።

መሃሉ መጣ፤ አለፈ። ሕንዱ ፈረስ ላይ ወጣ። ከኋላዬ ማርቆስ በአሪ ቋንቋ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማሁ። እሷ አንድ አጭር ነገር ጠየቀችው። እሱ መለሰላት። እኔ ያን ጊዜ ትልቁ ጠብ ሊጀመር ስለሆነ ወደፊት ዞሬ ነበር።

ድንገት የቀን ብርሃን አዳራሹ ውስጥ ገባና የሕንዱ ፊት ከነፈረሱ ነጭ ሆኖ ጠፋ።

«በር! በሩን ዝጉት!» አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። ቀድሞ የጮኸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ነው የዞርኩት። እናቱ ሰው እንዳትከልል ጎንበስ ብላ እየወጣች ነበር። ማርቆስ ደፉ ላይ ቆሞ እስክታልፍ ጠበቃት። ወደ እኛ አላየም። ወጣና በሩን እንዳይጮኽ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።