እትዬ መጋረጃና የሚያላዝነው መሪ

ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መጋረጃ» ይላታል። መጋረጃ ሰፍታ ነው የኖረችው። ቤቷ የገባ ሰው መቀመጫ ከማየቱ በፊት የጨርቅ ጥቅል ያያል፤ ወንበሩ ላይ ጥቅል፣ አልጋው ስር ጥቅል፣ በሩ ኋላ ጥቅል። ይህን ሁሉ ለደንበኞቿ የምታደርሰው በአንዲት አሮጌ ቫን መኪና ነው። መንዳት የተማረችው ልጆቿን ከዳረች በኋላ ሲሆን አስተማሪዋም ባሏ ነበር። በዚያ ትምህርት ሰሞን ለመፋታት ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ባሏ ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ መካኒክ ነው። አንድ ቀን «ይቺን ሞተር ብቻዬን አነሳታለሁ» ብሎ ሲታበይ ወገቡ ቀጭ አለና መስኮቱ ስር ፍራሽ ተነጥፎለት ተጋደመ። እሱ በተኛ ሰሞን የመኪናዋም መሪ ታመመ። መጀመሪያ ሲጠመዘዝ እናቱ እንደ ጠፋችበት ጥጃ ያላዝን ጀመር፤ ቀጥሎ ከበደ። እትዬ መጋረጃ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በሁለት እጇ ትታገለው ጀመር። ቤቷ ስትመለስ ክንዷ ከመዛሉ የተነሳ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንኳ ያቅታት ነበር።

«ተማክራችሁ ነው ያመፃችሁብኝ» አለችው አንድ ጠዋት። «አንተ በወገብህ፣ እሷ በመሪዋ!»

ባሏ ሳቀና ወዲያው ወገቡን ያዘ። «አታስቂኝ፣ ያመኛል! ይልቅ ከስሯ የፈሰሰ ነገር ካለ እይ።»

ወጥታ አየች። መኪናዋ የቆመችበት ሲሚንቶ ላይ ቀይ ነገር ተኝቷል። በጣቷ ነካ አድርጋ በመስኮቱ ጮኸች። «ቀይ ነው፤ ያሟልጫል!»

«የመሪ ዘይት ነው። በቃ፣ ፓምፑ ሄዷል። መቀየር ነው።»

«ሳታየው?»

«ሲያላዝን እየሰማሁት!»

«የሚያለቅስ ሁሉ ጥፋተኛ ነው እንዴ?» አለች እትዬ መጋረጃ። «ዘይት አጥቶ ቢሆንስ የሚያለቅሰው?»

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ሲውል ለፓምፕ ጥብቅና የቆመ ሰው አላጋጠመውም። «እሺ» አለ በመጨረሻ፤ «በጨርቅ ሁሉንም ድርቅ አድርገሽ ጥረጊ። ዘይቱን ሙይ። ሞተሩን አስነስተሽ መሪውን ቀኝና ግራ አዙሪ፣ ከዚያ አጥፊና እይ። ሞተሩ እየሠራ ግን እጅሽን እንዳታስገቢ፤ ፓምፑን የሚያዞረው የቺንጋ ቀበቶ ጣት አይመርጥም!»

ኮፈኑን ከፈተች። እጇ መጥረግ ያውቃል፤ ፓምፑንም፣ ቱቦዎቹንም፣ የዘይቱን ማጠራቀሚያም እንግዳ እንደሚመጣበት ሳሎን አጸዳችው። ከዚያ ቆም ብላ አሰበች። ጥቁር ነገር ላይ እርጥበት ዐይን አይገባም። ጨርቅ የምታሰምርበትን ነጭ ጠመኔ ከኪሷ አወጣችና በቢላ ፍቃ ዱቄቱን ፓምፑና ቱቦዎቹ ላይ ነሰነሰች። ሞተሩን አስነሳች፣ መሪውን እያላዘነ ወዲያና ወዲህ አዞረች፣ አጠፋችና ወርዳ አየች።

ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ተሰምሯል። ፓምፑ ሆድ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ የተነሳው ግን ከዚያ አልነበረም። መስመሩን በዐይኗ ሽቅብ ተከተለችው። ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰው የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ቱቦውን አንቆ የያዘው ብረት ስር ይጀምራል።

«ፓምፑ ነፃ ነው!» ብላ ጮኸች። «ከላይ እየፈሰሰበት ነው!»

«አይሆንም!»

«ና እይዋ!»

ወዲያው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ከተጋደመ ወዲህ ደጅ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ «እፍ፣ እፍ» እያለ መጣ። ሳያጎነብስ ኮፈኑ ስር ተመለከተ። ዱቄቱን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ጠመኔ?» አለ።

«ጠመኔ!»

«አንቺ ሴት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ብለሽ መጋረጃ ስትሰፊ ኖርሽ?» ብሎ ከአንጀቱ ሳቀ፤ ወገቡ ቢያመውም ሳቁን አልተወም።

የብረቱን ብሎን በካቻቢቴ አላልታ ቱቦውን ስትነቅለው፣ ጫፉ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ቀሪው ግን ደህና ነው፣ ርዝመቱም ይተርፋል። «የተሰነጠቀውን ቁረጪና መልሰሽ አስገቢው» አላት። «መቀስሽን አምጪ።»

«የጨርቅ መቀሴን ለጎማ? አንተን ብቆርጥበት ይሻለኛል!»

በቢላ ቆረጠችው። ቱቦውን መልሳ፣ በአዲስ ማነቂያ ብረት አጥብቃ፣ ዘይት ሞላች። ባሏ ከከዘራው ጋር ቆሞ ያዛል። «አሁን አየር ገብቶበታል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሺ። ሞተሩን ሳታስነሺ መሪውን ቀስ ብለሽ ከጫፍ ጫፍ አመላልሺ፤ አየሩ በአረፋ ይወጣል።»

ሁለቴ አመላለሰችና ትዕግሥቷ አለቀ። ሞተሩን አስነሳች። ክዳኑ ክፍት የነበረው ማጠራቀሚያ እንደ ወተት ገንፍሎ ዘይቱን ግራና ቀኝ ተፋው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» አለ ባሏ በደስታ። በዚያ ጠዋት እሱ ትክክል የሆነበት የመጀመሪያው ነገር ነበርና አጣጣመው።

እየሳቀች ጠረገች፣ ጨመረች፣ በቀስታ አመላለሰች፤ አረፋው እስኪጠፋ። አሁን ስታስነሳው ማላዘን የለም። ጎማዎቹን አውርዳ መሪውን በአንዲት ጣት ብትነካው ዞረ። እንደ ሕፃን «እሰይ!» አለች።

«ግቢ ውስጥ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ፣ እኔም እሄዳለሁ» አለ ባሏ። ጀርባው ላይ ትራስ አድርጋ አስቀመጠችውና ቀጥታ ወደሚሠራበት ጋራዥ ወሰደችው። ግቢው በመኪና ተጨናንቋል። በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ በአንድ እጇ ብቻ፣ መኪናዋን እንደ እንዝርት አዙራ አቆመቻት። የባሏ የሥራ ባልደረቦች ዘይት በለበሰ እጃቸው አጨበጨቡ።

«ማን ሠራት?» አለ አለቃቸው።

ባልየው በመስኮቱ ብቅ አለ። «እኔ ፓምፑን ወነጀልኩ» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «ሚስቴ አስፈታችው!»

«እስቲ ድገሚልን፣ እትዬ!» አሉ መካኒኮቹ። እሷም አላንገራገረችም፤ መሪውን በአንዲት ጣቷ ይዛ ግቢውን እንደገና ዞረችው።