መኪናዬን አልሰጥም ያልኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ የላስ ቬጋስ ሙቀት መሪ በማያስይዝበት ወቅት ነው። የማልረሳው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ፊት «እምቢ» ያልኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ዊትኒ በሚባለው ሰፈር ከአክስቴና ከባለቤቷ ጋር እኖራለሁ፤ ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነው። የአክስቴን ባል ጋሼ እላቸዋለሁ። ድሮ ወደ ሥራ የሚያደርሱኝ እሳቸው ነበሩ። የሥራ ፈረቃዬ ካለቀ በኋላ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። የትም ልሂድ ካልኩ ማስፈቀድ ነበረብኝ። በራሴ ገንዘብ አሮጌ መኪና ገዝቼ ከዚህ ከተገላገልኩ ገና ዓመቴ ነበር።

ያኔ የመኪናዬ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ሞቃት አየር ይተፋ ጀመር። ግን ሁልጊዜ አልነበረም። ፍሪዌይ ላይ ስፈጥን ይቀዘቅዛል፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ደግሞ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አንድ ቀን ሞተሩንም ኤሲውንም ሳላጠፋ መኪናዬን አጠብኳት። ከፊት ለፊቷ ብዙ ውሃ ረጭቼ ስገባ፣ ቆማ ሳለች ውስጧ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። ምክንያቱን አላወቅሁም፤ ግን ልብ አልኩት።

ለጋሼ ልነግራቸው ስጀምር፣ «ተይው፣ የመኪና ነገር ለወንድ ነው» ብለው ስልክ አነሱ። የደወሉት ለመካኒኩ ለአቶ ደምሴ ነው። አቶ ደምሴ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ የአገራችንን ሰዎች መኪና ይሠራሉ። ጋሼ የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጭራሽ አይቀዘቅዝም።»

ቅዳሜ ሄድን። አቶ ደምሴ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ አዳመጡ።

«እንዳልከኝ ነው። ኤሲውን የሚያቀዘቅዘው ኮምፕሬሰር አይነሳም፤ ሞቷል። ለዚህች አሮጊት አዲስ መግጠም ደግሞ ኪሳራ ነው።»

«እንግዲያው ለመለዋወጫ ውሰዳት» አሉ ጋሼ። «ልጅቷን እኔ አደርሳታለሁ፣ እንደ ድሮው።» የባለቤትነት ወረቀቱን ከመኪናዬ ኪስ አውጥተው ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጉልኝ። «ፈርሚ።»

 እስክሪብቶውን አልተቀበልኩም።

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«መኪናዋ የእኔ ናት፤ አልፈርምም። መጀመሪያ የማሳያችሁ ነገር አለ።»

አቶ ደምሴ ሳቁ። «ዘንድሮ መካኒኩ በዛ እባካችሁ!»

 ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ ፈታሁና ውሃውን በመኪናዋ የፊት ፍርግርግ በኩል ለቀቅሁት።

«ኧረ ልጅቷ አበደች!» ጋሼ ጮኹ።

«አቶ ደምሴ፣ እባክዎ ውስጥ ይግቡና እጅዎን ኤሲው ላይ ያድርጉ።»

ለቀልድ ብለው ገቡ። እኔ ውሃውን አላቆምኩም። ጥቂት ቆይቶ ሳቃቸው ጠፋ።

«ኧረ በረደ እኮ!» ዘለው ወጥተው ኮፈኑ ሥር አጎነበሱ። «ማራገቢያው፣ ፋኑ አይዞርም! ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው፤ ንፋስ ሲያጣ በሙቀቱ ራሱን እያጠፋ ነው እንጂ። አንቺ ልጅ፣ ስትነጂ ይቀዘቅዝልሽ ነበር?»

«አዎ፣ ፍሪዌይ ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?»

«የደወሉልዎት ሰው ስላልጠየቁኝ ነዋ» አልኩ። ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ ቦታው መለሱ። 

አቶ ደምሴ በሳምንቱ ፋኑን ቀየሩት። ዛሬም ሥራ የምሄደው በዚያችው መኪና ነው። ጋሼ አንድ ወር አኮረፉኝ። «ያቺ ዝምተኛ ልጅ ተበላሸች» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ።

አሁንም ዓይን አፋር ነኝ፤ የሥራ አለቃዬ ስትጠራኝ ድምፄ ይጠፋል። አክስቴ «ይቅርታ ጠይቂያቸው» ትለኛለች። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ሲገቡ ብድግ እላለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ስለ ራሴ ነገር በራሴ አፍ መናገር ጥፋት ከሆነ፣ ገና ብዙ አጠፋለሁ።