ለአጎቴ የሞላኋቸው ሦስት ጥይቶች

የብረት ቀለበቷ መዳፌ ላይ ትቀዘቅዛለች። ያገኘኋት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ክዳኑን ስከፍተው የባሩድና የማሽን ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አባቴን ከቀበርን ገና ወሩ ነው። ውጭ አሰላ እንደ ወትሮዋ ናት፤ ባጃጁ ይጮሃል፣ የጋሪው ፈረስ አስፋልቱን ይቀጠቅጣል። እኔ ግን ከወንበሬ መነሳት አቅቶኛል።

አባቴ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ትራክተር ብረት ሲቀርጽ ይከርምና እሁድ እሁድ የተተኮሰ የሽጉጥ ቀለሃ መልሶ ይሞላል። ያን ጊዜ ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። ቀለሃ ሲተኮስ ሆዱ ይነፋል፤ ስለዚህ አባቴ እያንዳንዱን ራሱ በቀረጻት በዚህች ቀለበት አስገድዶ ያሳልፈውና ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ሥራውን ለእኔም አስተምሮኛል። እኔ ደግሞ መከራከር እወድ ነበር።

«አባዬ፣ ከዚሁ ሽጉጥ የወጣ መልሶ እዚሁ ይገባ የለ? ለምን እንለፋለን?»

«ለራስሽ ከሆነ እንዳሻሽ። ለሰው የምትሰጪው ግን ማለፍ አለበት። የሰውን ሽጉጥ ልክ በምን አውቀሽ?»

የአባቴ አባት፣ አያቴ፣ በሚኖሩበት በጎበሳ ያረፉት የገብስ አጨዳ እንደተጀመረ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አባቴና ታናሹ አጎቴ። አጎቴ ጴንጤ ሆኖ ጢቾ ከተማ ከገባ ጀምሮ አያቴ «ልጄ አይደለም» ብለው ነበር። በመጨረሻ አስጠርተው መርቀውታል፤ ያን ያየው ግን አባቴ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ በአባት ቀብር ላይ የሚተኩሰው ወንድ ልጅ ነው፤ ታላቅየው ሦስት፣ ታናሽየው ሦስት። አጎቴ ልጅ መሆኑን አገር የሚያይለት በዚያ ሦስት ጥይት ነበር።

መርዶው እንደደረሰ አባቴ ቀድሞ ሄደ። ሽጉጡን ለእኔ ትቶ «ስድስት ሙዪና ከለቀስተኛው ጋር ይዘሽልኝ ነይ፤ ሁሉንም በቀለበቱ አሳልፊ» አለኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ብልጥ ነኝ ባይ። የለቀስተኛው መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ቀለበቷን ተውኳት። ሞላኋቸውና አንድ በአንድ በአባቴ ሽጉጥ ለካኋቸው፤ ስድስቱም ሸተት ብለው ገቡ። የአባቴ ሽጉጥ በዕድሜ ብዛት የሰፋ፣ የአጎቴ ግን አዲስና ጠባብ መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ቀብሩ ላይ አባቴ ሦስቱን ጥይት ለአጎቴ ሰጠና እሱ ሦስቴ ተኮሰ። ድምፁ ገደል ለገደል ሄደ፤ ሴቶቹ ጮኹ። የአጎቴ ሽጉጥ ግን ጥይቱን ግማሽ ድረስ ዋጠና ነክሶ ቀረ። ጎተተው፣ በመዳፉ መታው፣ ሌላ አጎረሰው፤ ያው ነው። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «አባን ዲዴ» ሲሉ ሰማሁ። በኦሮምኛ አባቱ እምቢ አለ፣ ዛሬም ልጄ አይደለም አለ ማለታቸው ነበር። ቃሉ በለቀስተኛው መሀል ሲዞር አጎቴም ሰማው። አባቴ የራሱን ሽጉጥ ዘረጋለት። አጎቴ አልተቀበለውም፤ ፊቱን አዙሮ በገብሱ መሀል ሄደ።

አሰላ እንደተመለስን አባቴ ቆርቆሮውን ከፈተ። ቀለበቷ እሱ ዘይት ቀብቶ እንዳስቀመጣት ነበረች፤ ማንም አልነካትም። አየኝ። ከዚያ ክዳኑን ገጠመና «እጅሽን ታጠቢና እራት እንብላ» አለኝ። ይህን ጉዳይ እስኪሞት ድረስ አላነሳብኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ አጎቴም ደጃችንን ዳግመኛ አልረገጠም። ስንቱ ፋሲካ እንዲህ አለፈ!

ባለፈው ወር ግን አጎቴ ለአባቴ ቀብር መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ሸብቷል። ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ጥይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። በቀለበቱ አላሳለፍኩትም። አባዬ ምንም አላደረገም።»

እጄን ይዞ አነሳኝ።

«አባትሽ ከቀብሩ በሳምንቱ ጢቾ ድረስ መጥቶ ነበር። ‹አባታችን አልከለከለህም፤ የከለከልኩህ እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ አበላሽቼ ነው የሰጠሁህ› አለኝ። በሩን ዘጋሁበት።»

«ለምን ስህተት ነው አላለህም?»

«ስህተት ቢለኝማ፣ ሊያጽናናኝ ነው ብዬ አላምነውም፤ አባቴ ነው እምቢ ያለኝ እንዳልኩ እቀር ነበር። ያን ማታ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ወንድሜን እየረገምኩ ተኛሁ።»

ከግቢው የፍታቱ ዜማ ይሰማል። አጎቴ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ሽጉጡን ይዞ መጥቶ ነበር።

«ዛሬ እንኳ የመጣሁት ይቅር ልለው ነበር» አለኝ።

ሊተኩስለት ፈልጎ ነበር፤ እጁ ግን እምቢ አለውና ሽጉጡን እዚያው ኪሱ ውስጥ ተወው። ወንድ ልጅ ላልነበረው አባቴ የተኮሰለት ሰው የለም።