በጓሮ በር የገባችው ተቆጣጣሪ

ዳቦ ጋጋሪዎች «ድመቷ» ይሏታል። የክልሉ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቆጣጣሪ ናት፤ ሥራዋ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የት፣ ምን እንደሚሠሩ ማየት ነው። በፊት ለፊት በር የገባ ተቆጣጣሪ የሚያገኘው የባለቤቱን ፈገግታ ብቻ ነው፤ ልጆቹ በጓሮ ውልቅ ብለው ይሄዳሉ። እሷ ታዲያ ሁልጊዜም በጓሮ ነው የምትገባው።

የታላቅ ወንድሟን ዳቦ ቤት ግን ተቆጣጥራ አታውቅም። ደንቡ የዘመድ ቤት ለሌላ ተቆጣጣሪ እንዲሰጥ ያዛል፤ እሷም እሰየው ብላ ተቀብላዋለች። አባታቸው ከሞቱ በኋላ አስተምሮ ሰው ያደረጋት እሱ ነዋ! ያን ቀን የሄደችው አሞታል ሲሉ ሰምታ ልትጠይቀው ነበር። አመል ሆኖባት ግን እግሯ ወደ ጓሮው በር ወሰዳት።

የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ይጮኻል። የወንድሟ ልጅ፣ ገና አሥራ አምስት ያልሞላት፣ የተደፋ ሳጥን ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አጎንብሳለች። ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ በእጇ ትገፋለች። የማሽኑ መከለያ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። የብረቱ ክንድ በዞረ ቁጥር የልጅቷ እጅ ለጥቂት ያመልጠዋል።

አክስቷ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ብትጮህ ልጅቷ ትደነግጣለች፤ የደነገጠች ልጅ ደግሞ እጇ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ማጥፊያው ከማሽኑ ባሻገር ያለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ወለሉ በዱቄት ያንሸራትታል። ትንፋሿን ውጣ ግድግዳውን ታክካ ሄደች። የልጅቷ እጅጌ ተፈትቶ ይንጠለጠላል። እጇ ገባ። ወጣ። እንደገና ሲገባ አክስቷ ማጥፊያው ላይ ደረሰችና ተጫነችው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ወንድሟ ወገቡን ይዞ ከፊት ለፊቱ ክፍል ብቅ አለ።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«አንቺ! ምነው በደህና? ሠራተኛው ጥሎኝ ሄደ፣ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ልጄ ብታግዘኝ ምን አለበት? የፌዴራሉ ሕግ እንደሆነ ልጅ ወላጁን ቢያግዝ አይከለክልም አሉ።»

«እሱ ዳቦ ብትሸጥልህ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ወላጅም ቢሆን አይፈቀድለትም። የክልላችን ሕግ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ጥብቅ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ የምንይዘው ጠበቅ ያለውን ነው።»

«ሕጉን ለባዕድ አድርጊው! ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

ይቺ ቃል እንደምትመጣ ታውቅ ነበር፤ ስትመጣ ግን አመመቻት።

«አክስቴ፣ በናትሽ ተይው» አለች ልጅቷ ሊጡን ከጣቶቿ እያላቀቀች። «እኔ እኮ ለምጄዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ።»

አክስቷን ይበልጥ ያስፈራት ይኸው መልመዷ ነው። ስልኳን አውጥታ ቤቱ የሚመለከተው ባልደረባዋ ጋ ደወለች። «አሁኑኑ ድረስ። የወንድሜ ዳቦ ቤት ነው፤ ሕፃን ማሽን ላይ አግኝቻለሁ» አለችው። አንድ ቃል አላስቀረችም።

ወንድሟ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

እንባዋ መጣ፤ ልትደብቀውም አልሞከረችም።

«ይሁን፣ ወንድም ጋሼ። ልጅህ ግን ሁለቱም እጆቿ አሏት» አለችውና ማጥፊያውን በጀርባዋ ከልላ ቆመች።