ሁለት ብሎን፣ አሥራ አንድ ቀን

ሐርቡ ያለው የእህል መጋዘን ጣሪያ አልወደቀም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ያወራሁላቸው ሰዎች «ከዚያስ ወደቀ?» ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። አለመውደቁን ሲሰሙ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ለእኔ አላለቀም።

ያኔ ኮምቦልቻ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማኅበራት በተሰጠ ሼድ ውስጥ፣ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት እሠራ ነበር። ብየዳ አልችልም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። የምችለው መለካት፣ መሳልና ማስላት ነበር። ስሌቱን ማንም አላስተማረኝም። ደሴ የሚማር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያዋሰኝን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ በቀን አንድም ሁለትም ገጽ እየገፋሁ ነው የተማርኩት።

በጣም የወደድኩት ስለሚጎተት ብረት የሚያወራውን ክፍል ነበር። ብረቱን እንደ ሸንኮራ አገዳ አግድም ብትቆርጠው የሚታየውን ፊት ስፋት ታገኛለህ፤ ያን በብረቱ ጥንካሬ ታባዛለህ፤ ስንት እንደሚችል ይነግርሃል። ንጹሕ ነገር ነው። ሠራተኞቹ መጽሐፉ ላይ አጎንብሼ ስውል እያዩ ይቀልዱብኝ ነበር፤ «ኢንጂነር» ይሉኛል። እንደ ቀልድ ተጀመረ፣ እኔ ግን ወደድኩት።

የሥራ ቤቱ አለቃ ወደ ስድሳ የሚጠጉ በያጅ ነበሩ። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳሉ፣ ማታ ይወጣሉ። ጋሼ እላቸው ነበር። ማሾና ማሽላ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ሐርቡ ላይ መጋዘን ሲያሠሩ የጣሪያውን ካፕሪያታ፣ ቆርቆሮውን የሚሸከመውን የብረት ማዕቀፍ፣ ለጋሼ ሰጡ። እኔ አሰላሁ። የካፕሪያታው የታችኛው ብረት፣ ግድግዳ ከግድግዳ የሚጎተተው ማለት ነው፣ አምሳ በአምሳ አንጎላሬ፣ ማዕዘን ሠርቶ የታጠፈ ብረት፣ እንዲሆን ወሰንኩ። በብየዳ ስለሚያያዝ ሙሉ ፊቱ ይሠራል። በቂ ነበር፤ ተርፎም ነበር።

ሐርቡ ቦታው ድረስ መብራት አልገባም። የተከራየነው ጄኔሬተር በሁለተኛው ቀን ተበላሸ፤ ያለ እሱ ብየዳ የለም። ቆርቆሮው መሬት ላይ ተደርድሯል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሼ ኮምቦልቻ ተመልሰው መጡና ሁሉም ሠራተኛ ባለበት ጠየቁኝ።

«በብሎን ብናስረውስ? በየጫፉ ሁለት ሁለት። እዚሁ በትራፓኖ በስተን እንወስደዋለን። ይችላል?»

ፎቶ ኮፒ ባስነሣሁት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ብሎን ቀዳዳ የሚያወራ ረጅም ምዕራፍ እንዳለ አውቃለሁ። አላነበብኩትም ነበር፤ ዘልዬው ነው ያለፍኩት። «ነገ ልንገርዎት» ማለት እችል ነበር። ግን ሁሉም አፍ አፌን ያያል። አንዱ «ኢንጂነሩ ይናገር እንጂ!» አለ።

«ይችላል» አልኩ።

ጣሪያው ቆመ። ሐጂ እህሉን አስገቡ፤ ኩንታል የሚመዝኑበትን ትልቅ ሚዛንም ከመሀለኛው ካፕሪያታ ላይ አንጠለጠሉት። ያን ምዕራፍ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላ ሥራ መጥቶ ሳገላብጥ።

ቀዳዳው ከብረቱ ፊት ላይ ይቀነሳል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላው ነበር። አንጎላሬ ሁለት ክንፍ አለው፤ የእኛ ብሎኖች የያዙት አንዱን ብቻ ነው። ብሎኑ ባለበት ቦታ የተያዘው ክንፍ ሲጎተት ያልተያዘው ድርሻውን አይሸከምም። ብሎኑ ሁለት ብቻ ሲሆንና ሲቀራረብ ደግሞ ይብሳል። አራት ጊዜ አሰላሁት። አራቱንም ጊዜ፣ ይችላል ካልኩት ከግማሽ በታች ወጣ። ጣሪያው የቆመው የግንባታ ሕጉ ለክፉ ቀን ብሎ በሚያስቀምጠው ትርፍ ላይ ነበር።

አልተናገርኩም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ከሐርቡ የመጡ ሾፌሮችን «አገር ሰላም ነው?» እላቸዋለሁ። «ሰላም ነው» ሲሉኝ ለዚያች ቀን ይበቃኛል።

በመጨረሻ ለጋሼ ነገርኳቸው። ስሌቱን ላሳያቸው ደብተሬን ስዘረጋ አላዩትም።

«ካወቅክ ስንት ቀን ሆነህ?»

«አሥራ አንድ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። ስልክ አውጥተው ሐጂን «ሰው የሚባል እንዳይገባ» አሉና ተነሡ። በዚያው ቀን ካፕሪያታዎቹን ከሥር በባሕር ዛፍ ምሰሶ ደገፍናቸው። በማግስቱ ደህና ጄኔሬተር ተገኝቶ፣ ሁለቱም ክንፎች እንዲያዙ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ላሜራ በየድን።

በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ሐጂ ወደ ጋሼ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ በርጫ ላይ ሆነህ ነው እንዴ የለካኸው?»

ጋሼ በሕይወታቸው ጫት ቀምሰው አያውቁም። «ጥፋቱ የኔ ነው ሐጂ። አፉ ይበሉኝ» አሉ።

እኔ ከኋላቸው ላሜራ ይዤ ቆሜያለሁ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አፌን ልከፍት ስል፣ «ተወው። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ወረቀትህን የሚያምን ሰው ያስፈልግሃል። እኔን ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

ያሏቸው ነገር ግን ነበር። «የምርቃናው በያጅ» የሚል ስም ከሐርቡ ኮምቦልቻ ድረስ መጣ። ሰው ሲጠራቸው ይሥቃሉ። እኔ ደብተሬን እያየሁ አጎነብሳለሁ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ ለጋሼ ሳልነግራቸው፣ ብቻዬን ሐርቡ ወረድኩ። ሐጂ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ይችላል ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ጋሼ እንደሸፈኑልኝ፣ አሥራ አንዱንም ቀን ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «እኔ ምን አደርገዋለሁ? እኔ እዚህ ጠረጴዛ ኋላ ነው የምውለው» አሉና ሸክም የሚያወርዱትን አራት ሰዎች ጠሩ። «ከሚዛኑ ሥር የሚውሉት እነዚህ ናቸው። ለነሱ ንገር።»

እንደገና ተናገርኩ። ሁለተኛው ይከብዳል። አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመው፣ «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እያወቅክ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምን አድርገንህ ነው?»

«ምንም። ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ኢንጂነር መባሉ ይቀርብኛል ብዬ።»

ከመካከላቸው ወጣቱ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ባለ ፎጣው ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። «ወላሂ በል፤ አሁንስ ይችላል?»

ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁ። አዲሱን ስሌት፣ ላሜራው ከተበየደ በኋላ የሠራሁትን፣ በንጽሕና ጽፌ ይዤ ነበር።

«ወረቀቱን ተወው» አለኝ። «ግባና ከሥሩ ቁም።»

ገባሁና ቆምኩ። አንድ በአንድ እያመጡ አምስት ኩንታል ማሾ ሚዛኑ ላይ ጫኑ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ከላይ አንዲት ደረቅ የብረት ድምፅ ተሰማች፤ እግሬ ልሂድ አለ። ያቺ ድምፅ የሰንሰለቱ ማያያዣ ቦታውን ሲይዝ የምትሰማ እንደሆነች አውቃለሁ። ማወቄ አልረዳኝም። እነሱ ግን ምንም ሳያውቁ በየቀኑ ሰምተዋታል።

አንጋጥጬ ላሜራዎቹን እያየሁ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

ባለ ፎጣው «በቃህ፣ ውጣ» አለኝ። «ሥራ አለብን።»

ወጣሁ። እሱ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ገብቶ ኩንታሉን ታቀፈ። ሐጂ ስልካቸውን አንሥተው የጋሼን ቁጥር ይፈልጉ ነበር።