የምሥራቅ ነፋስ

«ሰውዬው ምሥራቅና ምዕራብን እንኳ አይለይም ነበር አባዬ! ሌላ ምን ልበልህ?»

«ይለያሉ» አልኳት።

«ከለየ ለምን ገልብጦ ጻፈው?»

«እሳቸው አልጻፉትም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

ማርታ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችና በጣቷ አንድ መስመር አሳየችኝ። የድሮ መዛግብት ዝርዝር ነው። «ቢቸና፤ የነፋስ አቅጣጫው ተገልብጦ የተጻፈ፣ የማይታመን፤ አይሠራበትም» ይላል።

ማርታ የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ለፋሲካ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው። ሥራዋ የምድርን አየር በኮምፒውተር ውስጥ ማስመሰል ነው። ባሕሩን፣ ደመናውን፣ ነፋሱን ሁሉ በቁጥር አድርጋ ታስሄደውና መጪው ዘመን ምን ሊመስል እንደሚችል ታይበታለች። ካስቸገሯት ነገሮች አንዱ ከደመና በላይ፣ አውሮፕላን ከሚበርበትም በላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ አንድ ዓመት ያህል ከምሥራቅ ሲነፍስ ይከርምና ቀስ በቀስ ዞሮ ከምዕራብ ይነፍሳል፤ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። በእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ግን እንቢ ይላታል። ወይ ጨርሶ አይዞርም፣ ወይ ያለጊዜው ይዞራል። ስለዚህ የእሷን ነፋስ ከእውነተኛው ጋር እንድታስተያይ ድሮ የተለካ ትፈልጋለች። የተለካ ነበረ። እዚሁ ቢቸና።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ገጣሚ ነኝ እል ነበር። የቅኔ ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ቃል የለቀምኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ቢቸና ስትጠበኝ ሞጣ እሄዳለሁ፤ ሞጣም ሳምንት ሳይሞላ ትጠበኛለች። አቶ ገለታ የቀጠሩኝ ግን ለግጥሜ አይደለም፤ ለዓይኔ ነው።

አቶ ገለታ ከወለጋ ተመድበው የመጡ፣ ረዥም፣ ባለ መነጽር ሰው ነበሩ። ሥራቸው ትልቅ ፊኛ በጋዝ ሞልቶ መልቀቅና በሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር እየተከተሉ ማየት ነው። ፊኛዋ ወዴት እንዳዘነበለች ከታወቀ በየከፍታው ነፋሱ እንዴት እንደሚነፍስ ይታወቃል። ጋዙ በብረት ሲሊንደር ሆኖ በጭነት መኪና በደጀን በኩል ይመጣል። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ፊኛዋን አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንከተላት ነበር። የእሳቸው ዓይን ሲደክም «በል ባለቅኔ፣ ተረከበኝ» ይሉኛል።

«አለች?»

«አለች።»

«አሁንስ?»

«የጤፍ ፍሬ አክላለች።»

«ኧረ አንተ ሰው አይደለህም፣ አሞራ ነህ!»

ገበያተኛው ቆሞ ይስቅብናል። አንዲት እናት ቅቤያቸውን እንደተሸከሙ «እናንተ ሰማይ ጠባቂዎች፣ ያችን ነገር ስትለቋት ዝናባችንን ይዛ እንዳትሄድ!» ብለው ጮኹብን። አቶ ገለታ ባርኔጣቸውን አንሥተው «እማማ፣ አደራ ብለን ነው የላክናት» አሏቸው።

በመነጽሩ የሚነበበውን ቁጥር እኔ በብጣሽ ወረቀት እይዛለሁ። እሳቸው ያሰሉና የነፋሱን አቅጣጫ ይነግሩኛል፤ እኔ በመዝገቡ ላይ በጥሩ ጽሕፈት አሰፍራለሁ። የብጣሾቹ ጀርባ ባዶ ስለሆነ ግጥሜን እጽፍበት ነበር።

ከጥምቀት ማግሥት አቶ ገለታን ወባ ጣላቸው። ጋዝ ለመቀበል ዓባይ በረሃ ወርደው ያመጡት ነው። አሥራ አንድ ቀን ተኙ፤ አሥራ አንድ ቀን ብቻዬን ለካሁ። የመጨረሻውን ዓምድ፣ ነፋሱ የየት እንደሆነ የሚጻፍበትን፣ እኔው ሞላሁት። ፊኛዋ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ «የምሥራቅ ነፋስ»፣ ወደ ምዕራብ ስትሄድ «የምዕራብ ነፋስ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ይጻፋል? ወደ ደጀን የሚሄደውን መኪና የደጀን መኪና እንለው የለም?

ከተነሡ ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ፀሐይ እየሞቅን በጨዋታ መሐል ስለ ነፋስ አጠራር አነሡ። «ነፋስ እንደ መኪና አይደለም፤ እንደ ሰው ነው» አሉኝ። «እኔን የወለጋ ሰው ሲሉኝ ወደ ወለጋ የምሄድ ነኝ እንዴ? ከወለጋ የመጣሁ ነኝ እንጂ። ነፋስም በመጣበት ነው የሚጠራው።»

አሥራ አንዱም ቀን ተገልብጧል። በቃል የምኮራ ሰው አንዲት «የ» ጣለችኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እሳቸው በታመሙበት ሰሞን የጻፍኩትን ገልጠው እንኳ አላዩትም፤ አምነውኝ ነበር። ነገ እያልኩ ክረምቱ ገባ።

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ አንድ ጧት ከመነጽሩ ቀና አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። «ባለቅኔ፣ አምና ከሁሉ በላይ ያለው ነፋስ ከምሥራቅ ነበር። ዘንድሮ ከምዕራብ ነው። ዞረ እኮ! ያ ሁሉ ሰማይ ዞረ!» የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ለአለቆቻቸው ጻፉ። ተቆጣጣሪ በሞጣ ስለሚያልፍ መዝገቡ እዚያ ይቅረብ የሚል መልስ መጣ።

እስከ ግንደወይን በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከዚያ በእግር። የሽምብራ እሸት የደረሰበት ጊዜ ነው፤ መንገድ ዳር ገዝተን ጠብሰን በላን። ጣታችን ጠቆረ፤ አቶ ገለታ መዝገቡ እንዳይቆሽሽ በክርናቸው ነበር የሚያቅፉት። ሲያወሩ ዋሉ። ይህን ነገር አለቆች ከተቀበሉት የእሳቸው ስም ባይጠራ እንኳ የቢቸና ሰማይ በመጽሐፍ ይገባል አሉ። «ምነው ዝም አልክ? ግጥም መጣብህ እንዴ?» አሉኝ። ብጣሾቹ፣ ትክክለኛው ቁጥር ያለባቸው፣ ከነግጥሞቼ በደረት ኪሴ ነበሩ። ሞጣ ስንደርስ አወጣቸዋለሁ ብዬ ነው የያዝኳቸው።

ተቆጣጣሪው ወጣት ነው፤ ጫማው ያበራል። መዝገቡን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው የእጅ ጽሕፈቴን ነው። «አንተ ነህ የምትጽፈው? ግሩም ነው። ለአዲስ አበባው ሥልጠና አንድ እንዲህ ያለ ልጅ እንፈልጋለን።» አዲስ አበባ! ልቤ ዘለለ። ከዚያ ቅጠሉን እየገለጠ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ።

«አቶ ገለታ፣ እዚህ ላይ አሥራ አንድ ቀን ነፋሱ ሁሉ ከታች እስከ ላይ ዞሯል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ። የዞረው ነፋሱ ነው ወይስ የእርስዎ ራስ?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጸሐፊዎች ሳቁ። አቶ ገለታ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ያኔ እኔ ታም...» ብለው ጀመሩና ቀና ብለው አዩኝ። ገባቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንድናገር ነው የጠበቁኝ። ብጣሾቹ ስተነፍስ ኪሴ ውስጥ ሲንኮሻኮሹ ይሰማኛል። እኔ የወለሉን ጣውላ አየሁ።

«ያኔ ምን?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ምንም። ኃላፊው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ገለታ።

በቀይ ቀለም አንድ መስመር ጻፈ። ማርታ ያሳየችኝ ያንን መስመር ነው።

ፊኛ መልቀቁ ቀረ። እሳቸው ሌላ አገር ለዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂነት ተዛወሩ፤ ፍራሻቸውን ሲጭኑ አገዝኳቸው። «በርታ ባለቅኔ» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም። እኔ ለሥልጠናው ተጠራሁ። ደጀን መኪና ስጠብቅ ብጣሾቹን ቀዳድጄ ጣልኳቸው፤ ግጥሞቹም አብረው ሄዱ። ከዓመታት በኋላ አቶ ገለታ እዚያው ግምጃ ቤት ሳሉ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ይህንን ሁሉ ለማርታ ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«የተበላሸው አሥራ አንዱ ቀን ብቻ ነው?»

«ብቻ።»

«ሌላው ትክክል? መዞሩም?»

«ትክክል።»

«ማስረጃ አለህ?»

«የለኝም።»

«በአፍ ማንም አይቀበለኝም፣ አባዬ።»

እስከ ዛሬ የበደልኩት አንድ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እሱም ከብዶኛል። አንድ እውነተኛ ሰማይ ከሰው እጅ እንዳወጣሁ፣ የገዛ ልጄ እየፈለገች እንደምታጣው አላሰብኩም። ዝምታ ከአንድ ክፍል የማይወጣ ይመስለኝ ነበር።

ማርታ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔን ያስተማርከኝ ከዚያ ሥልጠና ባገኘኸው ሥራ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። ሳታየኝ ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።