በር የሌለው በረት

ሃርላን ኤክሆፍን የቤተ መጻሕፍታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ ያገኘሁት በኤፕሪል አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ነው። በእኛ የአዮዋ መንደር በዚያ ሰሞን ገበሬ ቤተ መጻሕፍት አይመጣም። መሬቱ ሊደርቅ ሁለት ፀሐይ ሲቀረው ሁሉም ሰው ወይ መዝሪያ ማሽኑ ሥር ተጋድሞ ብሎን ያጠብቃል፣ ወይ ሰማይ ሰማይ እያየ ይነጫነጫል። ሃርላን ግን ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ከእኔ በሁለት ክፍል ይቀድመኝ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቦታ ረግቶ ሲቆም ያየሁት በሠርጉ ቀን ብቻ ነው፣ ያኔም ሙሽራዋ ማርሊስ ክንዱን ጨብጣ ይዛው ስለነበር ነው።

"ሎሬን፣ ያ ከሰማይ የሚታየው ነገር እዚህ አለ?" አለኝ።

"ማን? እግዜር?"

"ቀልዱን ተይው። ከላይ የሚነሳው ፎቶ። የድሮው።"

ለማርሊስ ግድግዳ ነው አለ። ውሸት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። እኛ ዘንድ ከላይ የተነሳ የእርሻ ፎቶ ያልተሰቀለበት ሳሎን የለም። በትንሽ አውሮፕላን የሚዞር ሰው በጋውን ሙሉ የየሰዉን ግቢ ሲያነሳ ይከርምና፣ በመኸር ፎቶውን በፍሬም አስገብቶ በር ያንኳኳል። የጎረቤቱ ጣሪያ ተሰቅሎ የራሱ ሲቀር የሚችል ሆድ ያለው ሰው ስለሌለ ሁሉም ይገዛል። ኤክሆፎች ዘንድ ሁለት ተሰቅለዋል። ሦስተኛውን የት ልታደርገው ነው፣ ጣሪያው ላይ? ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም።

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩት። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ወንበሩን ስቦ እንደገና ተቀመጠ። መጀመሪያ የዘንድሮውን የሳተላይት ምስል ከፈትኩለት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ጣሪያ ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ ከጎተራው ጀርባ ምን ምን እንደደበቀ ያያል። ጎረቤቱ ጌሪ የዛገውን ማጨጃ እስካሁን እንዳልጣለው አይቶ አጉተመተመ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ እስከ ምሳ እንቆይ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጣቱን ስክሪኑ ላይ እየመታ፣ ወደ ኋላ ሂጂ፣ ወደ ኋላ፣ ይለኛል።

ወደ ኋላ መሄድ ከባድ አይደለም። የድሮዎቹ የአየር ፎቶዎች በየዓመታቸው ተደርድረው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል፣ ማንም በነፃ ያያቸዋል። መንግሥት በ1930ዎቹ ማሳውን ሁሉ ከአውሮፕላን ያስነሳው ገበሬው ምን ያህል እንደዘራ ለመቆጣጠር ነበር። አያቶቻችን፣ "በሰማይ መጥተው ጓዳችንን አዩት" ብለው ተቆጥተው ነበር ይባላል። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ዓይናቸውን አጥብበው የአያታቸውን ሰፈር የሚፈልጉት በዚያው ፎቶ ነው። ዓመቱን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ቀለሙ እየጠፋ ግራጫ ይሆናል፤ የፈረሱት ቤቶች ይመለሳሉ፤ የተቆረጡት ዛፎች ይቆማሉ።

ሃርላን የሚፈልገው ሁላችንም "አሮጌው ቦታ" የምንለውን ነው። የእርሻው ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ያለ አርባ ኤከር መሬት ነው፤ የአያቶቹ ቤት እዚያ ነበር። በ1972 አባቱ ኤልመር ቤቱንም ጎተራውንም አስፈርሶ የከብት ግጦሽ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ማረሻ ነክቶት አያውቅም፤ ኋላም መንግሥት እንዳይታረስ በሚከፍልበት ውል ለሣር ተትቶ ኖረ። ዘንድሮ ውሉ አለቀ። እርሻውን የያዘው የሃርላን ልጅ ከርት ነው፤ እዚያ በቆሎ ሊዘራ ነው።

ስለ ኤልመር ካነሳሁ አይቀር፣ አገሩ ሁሉ የሳቀበትን አንድ ነገር ልናገር። ኤልመር ከአፉ ቃል በመንጠቆ የማይወጣ ሰው ነበር። ቤቱ ከፈረሰ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ግጦሽ መሀል አራት ምሰሶ ተክሎ፣ በእሾህ ሽቦ ዙሪያውን አጥሮ፣ ትንሽ በረት ሠራ። በር ግን አላበጀለትም። እህል ማከማቻው ጋ ሰዎች፣ ይህ ለምን የሚሆን በረት ነው? ብለው ሲያሾፉበት፣ "ለማይወጣ ከብት" ብሎ መለሰ። ይቺ ነገር ለሃያ ዓመት ሳቅ ሆነች። አንድ ሰው የረባ ሥራ ካልሠራ "የኤልመር በረት" እንለዋለን። ኤልመር በ1988 ሲሞት ሃርላን በቀብሩ ሳምንት ምሰሶዎቹን በትራክተር ነቃቅሎ ጣላቸው፤ ሣሩም ቦታውን ሸፈነው።

1939 ላይ ደረስን። ቤቱ፣ ጎተራው፣ ዛፎቹ። ከቤቱ በስተጀርባ ደግሞ ውሃ የሚስበው የነፋስ መዘውር፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ። ሃርላን ኮፍያውን ማሽከርከር አቆመ።

"ከሱ ሥር ጉድጓድ አለ" አለኝ።

"ነበረ በል። አባትህ ቤቱን ሲያፈርስ አስሞልቶት የለም?"

"እኔን ነው ያዘዘኝ። አልሞላሁትም።"

ከዚያ ነገሩን ሁሉ ፊቴን ሳያይ ነገረኝ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። አባቱ ጉድጓዱን በድንጋይ እንዲሞላ አንድ ሙሉ ቀን ሰጠው። የዚያን ቀን ከሰዓት ግን በጎረቤት ከተማ የኳስ ግጥሚያ አለ፤ ማርሊስ የምትባል ልጅ ደግሞ ትመጣለች ተብሏል። ስለዚህ የጎተራውን ሳንቃ በጉድጓዱ አፍ ላይ ደርድሮ፣ አፈር ገፍቶበት፣ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። ማታ ራት ላይ ኤልመር "ሞልቷል?" አለው። "ሞልቷል" አለ። ጥልቀቱ አሥራ አምስት ሜትር ነው። ሳንቃው ሃምሳ ሦስት ዓመት መሬት ውስጥ ከርሟል። የከርት ትራክተር ከነመዝሪያው ሃያ ቶን ይመዝናል።

ቦታው ጠፍቶበታል። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ምልክት የለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የብረት ዘንግ ይዞ ሣሩን እየወጋ ሲንከራተት ማርሊስ የጋብቻ ቀለበቱን የጣለ መስሏት ትቆጣው ነበር። አርባ ኤከር በዘንግ እየተወጋ አያልቅም።

"ለከርት ለምን አትነግረውም?" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። "ልጅህ እኮ ነው የሚሞተው።"

"ከርት የሰጠሁትን ቃል መርምሮ አያውቅም" አለኝ። "መሬቱ ይችላል ካልኩት ይገባል። አይችልም ካልኩት ይመለሳል። ይህንን ካወቀ ምን ይቀረኛል?"

የአሮጌውን ፎቶ መንገድ ከዛሬው መንገድ ጋር ገጥመን ለካን። እዚህ አገር መንገዱ በየማይሉ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ስለሆነ መለካቱ ቀላል ነው። ከምዕራቡ መንገድ ይህን ያህል፣ ከሰሜኑ ይህን ያህል ብዬ ጻፍኩለት። ወረቀቱን ነጥቆኝ ወጣ፤ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ።

ሐሙስ ቀን ደወለልኝ። ለክቶ፣ ዙሪያውን አሥር አሥር እርምጃ ትቶ ቀያይ ባንዲራዎች ተክሏል። ለከርት፣ ባንዲራው መሀል ወፍ እንቁላሏን ጥላለች ብሎታል። እኛ ዘንድ መሬት ላይ የምትጥል ወፍ አለች፤ ትልልቁ ገበሬ እንኳ ማሽኑን ጠምዝዞ ያልፋታል እንጂ አይረግጣትም። ከርትም እሺ አለ፣ አልጠየቀም። ዘሩ ካለቀ በኋላ ሃርላን ቀስ ብሎ ጉድጓዱን ሊሞላው ነው። እፎይ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ግን ስልኩን አይዘጋም። ኋላ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘንጉ ሳንቃውን አላገኘውም አለኝ። አፈሩ ወፍሮ ይሆናል አለ።

ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ዓርብ ጠዋት ሥራ እንደገባሁ ፎቶውን ከፍቼ በአጉሊ መነጽር አፈጠጥኩበት። የጎተራው ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወድቋል። የዛፎቹም እንደዚያው። ፎቶው የተነሳው በጠዋት ነው ማለት ነው። እኛ መዘውር ብለን የለካነው ጥቁር መስመር መዘውሩ አልነበረም፤ ጥላው ነበር። ሃርላን ምልክት ያደረገው የመስመሩን ወፍራም ጫፍ ነው፤ ያ ደግሞ የጥላው ራስ ነው። እግሩ፣ ማለትም ጉድጓዱ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሃያ አምስት እርምጃ ይርቃል። ከባንዲራዎቹ ውጭ።

እርግጠኛ ለመሆን የ1979ን ፎቶ ከፈትኩ። ያኔ ቦታው ግጦሽ ነው፤ ከብቶቹ ግጠውት ምድሩ ገርጥቷል። ጥላው በሚጀምርበት፣ ልክ በዚያች ነጥብ ላይ፣ አንዲት ጥቁር አራት ማዕዘን አለች። ከብት ስላልደረሰበት ሣሩ ያደገ፣ ዙሪያው የታጠረ ቦታ።

ሁለቱንም አትሜ፣ በሩ ላይ "መጣሁ" ብዬ ለጥፌ፣ መኪናዬን አስነሳሁ። ቅዳሜ ዝናብ ይጥላል ተብሏል፤ ከርት ዛሬ እንደሚገባ አገር ያውቃል። ሃርላን ስልኩን አያነሳም። አሥራ አንድ ማይል መንገድ ነው፤ በመሀል ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተቀርቅሬ ጾም የሚያስገድፍ ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ።

ስደርስ የከርት ትራክተር ማሳው ውስጥ ይመላለሳል። ሃርላን ዳሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጥቼ ጥላውን አሳየሁት። ገባው፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሁለተኛውን ሰጠሁት። መነጽሩን ይዤለት መጥቼ ነበር፤ አድርጎ ብዙ አየው።

"በር አልነበረውም" አለ። ቀጥሎም፣ "ያውቅ ነበር" አለ።

ኤልመር ያውቅ ነበር። ምናልባት አንድ ቀን በእግሩ ሲያልፍ መሬቱ ባዶ ድምፅ ሰጥቶት ይሆናል። ልጁን አልጠየቀም፣ አልገሠጸም። አጥሮት ዝም አለ፤ አሥር ዓመት ከዚያም በላይ በአንድ ገበታ እየበሉ ዝም እንዳለ፣ መሳቂያ እንደሆነ ሞተ። ሃርላን ደግሞ ያንን አጥር በገዛ እጁ ነቀለው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሳንቃ ግን ይበሰብሳል። በኤልመር ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝና አፈርኩ።

ሃርላን ባንዲራዎቹን አየ። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁ። ትራክተሩ እዚያ ለመድረስ ገና ሁለት ዙር ይቀረዋል። ባንዲራውን ነቅሎ ሃያ አምስት እርምጃ ማዶ ቢተክለው ከርት አይጠይቅም። ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ደግሞም እሱ ተቀብሮ የሚቀርን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ባንዲራዎቹ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ ትራክተሩ ሄደ፤ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ መስመሩ መሀል ቆመ፤ ረግቶ ቆመ። ከርት አቁሞ በሩን ከፈተ።

"ምነው አባዬ፣ ወፏ ጎጆ ቀየረች እንዴ?"

"ወፍ የለም። ጉድጓድ ነው። አባቴ ሙላው ብሎኝ አልሞላሁትም። ሞልቻለሁ ብዬ ዋሸሁት፤ አንተንም በወፏ ዋሸሁህ።"

ከርት ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወርዶ "የት ነው?" ብቻ አለ። ወረቀቱን እያየን ለክተን ደረስን። ሃርላን በዘንጉ ሲወጋ ሁለቴ አፈር ነካ። በሦስተኛው ዘንጉ አንድ ነገር በስቶ ከእጁ አምልጦ ገባ። ቆየት ብሎ ከታች ድምፅ ተሰማ። ትራክተሩ ቢቀጥል ኖሮ የሚረግጠው መስመር የትኛው እንደሆነ ከርት በዓይኑ ለካ፤ ከዚያ ሄዶ ጎማው ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔም ለክቼዋለሁ፤ ከጉድጓዱ እስከ መስመሩ ግማሽ እርምጃ አይሞላም።

ያን ሳምንት ከርት አባቱን አላናገረውም። ማርሊስ፣ በአንድ የኳስ ግጥሚያ ምክንያት ይህ ሁሉ መምጣቱን ስትሰማ፣ የዚያን ቀን ቡድናችን ተሸንፎ እንደነበር አስታወሰችው እንጂ ሌላ አልተናገረችም። የጉድጓድ ባለሙያ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይና ሸክላ ሲያወርድ ሃርላን ከጎኑ አልተለየም፤ አንድ ድንጋይ በገባ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያያል። ለባለሙያው ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር የመጨረሻውን አፈር ሲመልሱ እዚያው ነበርኩ።

ከርት ያልተዘራውን ጥግ ሊጨርስ በትራክተሩ መጣ። አጠገባችን ሲደርስ አቁሞ በሩን ከፈተ፤ አልወረደም።

"ሞልቷል?" አለ።

ሃርላን አፉን ከፈተ። መልሱን ያውቀዋል፤ አሁን እውነትም ነው። ግን አላለውም። ኮፍያውን አወለቀና ከጉድጓዱ አፍ ገለል አለለት።

"ውረድና እየው" አለው።

ከርት ወርዶ አየው።